ጎረቤት መስመር ሴሉን መቼ ያግዘዋል፣ መቼ ያፍነዋል?

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ስለ ነርቭ ሳይንስ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ተቸክያለሁ። የገባችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ነገሩ የጦጣ አንጎል ነው። ቪ1 በሚባለው የእይታ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ሴል የሚያይበት ጠባብ መስኮት አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 ኖቤል ያገኙት ሳይንቲስቶች ሁበልና ዊዝል እንዳሳዩት፣ ሴሉ የሚወደው አቅጣጫ ያለው መስመር እዚያ መስኮት ውስጥ ሲገባ ምላሹ (የሚልከው የኤሌክትሪክ ምት) ይጨምራል። እስከዚህ ችግር የለም።

ጣጣው ከመስኮቱ ውጭ ነው። ዙሪያው ላይ ብቻ መስመር ብናሳየው ሴሉ ዝም ነው። መሃሉ ላይ መስመር እያለ ዙሪያውን በዚያው አቅጣጫ መስመሮች ስንሞላው ግን ምላሹ ይወርዳል። የዙሪያው አቅጣጫ የተለየ ከሆነ አፈናው ይላላል። ይሄ የገባኝ በእናቴ ነጠላ ጥለት ነው። ከተደረደሩት ክሮች መሃል አንዷ ከተጣመመች ዓይን ወዲያው እሷ ላይ ያርፋል።

የጠፋብኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የመሃሉ መስመር ደብዘዝ ያለ ሲሆን፣ በእሱው ቀጥታ ከመስኮቱ ውጭ ሌላ መስመር ቢጨመር ምላሹ ከፍ ሊል ይችላል። ታዲያ የሚወስነው ድምቀቱ ነው ወይስ አቀማመጡ? አፈናውስ የሚመጣው እዚያው ቪ1 ውስጥ ሴሎችን ጎን ለጎን ከሚያገናኙት ክሮች ነው ወይስ እንደ ቪ2 ካሉት የበላይ ክፍሎች? ሁለቱም ነው ይላሉ። የጎንዮሾቹ ክሮች ግን ቀርፋፋ ናቸው፤ የሩቁን ዙሪያ መልእክት እንዴት በጊዜ ያደርሳሉ?

ሐሙስ ለክፍል ጓደኞቼ ማቅረብ አለብኝ። ኔትወርኩ ቪዲዮ አይከፍትልኝምና በጽሑፍ ብትመልሱልኝ።