ለሱቄ ኮምፒውተሮች ሲናፕቲክ ይሻላል ወይስ ሶፍትዌር ማናጀር?

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ጠባሴ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። አራት ዴስክቶፕ ነው ያለኝ፤ ሁሉም 4 ጊጋ ራም፣ ሁሉም ያረጁ ናቸው። አምና ከተማሪ ፍላሽ የሚገባው ቫይረስ ሲያስመርረኝ የወንድሜ ልጅ በአራቱም ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ ዓይነት) ጫነልኝ። ከዚያ ወዲህ እፎይ ብያለሁ። አሁን ግን ልጁ ለሥራ ባሕር ዳር ሄዷል። ሱቁ ውስጥ ያለነው እኔና 12ኛን የጨረሰች አንዲት ልጅ ነን። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ኮማንድ መጻፍ ሁለታችንንም ያስፈራናል።

የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። ኢንተርኔቴ የስልኬ ሆትስፖት ነው። ባለፈው ወር ልጅቷ ጊምፕ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ከሥዕላዊው መደብር ጫነች። ለወሩ ብዬ የሞላሁት ዳታ በዚያው ከሰዓት አለቀ። ሁለተኛው ደግሞ፣ አንዱ ኮምፒውተር አፕዴት እያደረገ መብራት ሄደ። በማግሥቱ ምንም አልጭንም አለ። ሰኔ ነበር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙ ልጆች በር ላይ ተሰልፈው። እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት የፕሮግራም መጫኛ አለ፦ ያ ሥዕላዊው ሶፍትዌር ማናጀርና ሲናፕቲክ። አንድ ሰው ደግሞ «ዲስከቨር የሚባለውን ሌላ መጫኛ ጫኚ» አለኝ። ልጅቷ ብቻዋን ብትሠራበት የማይጎዳኝ የቱ ነው?

የሮቢቱ (ሸዋ ሮቢት)

እትዬ፣ ዲስከቨርን ይተዉት። መጥፎ ሆኖ አይደለም። የተሠራው ኬዲኢ ለሚባል ሌላ የሊኑክስ ዴስክቶፕ ነው። እርስዎ ኤክስኤፍሲኢ ላይ ሲጭኑት የኬዲኢን ዕቃ ሁሉ ጎትቶ ይመጣል። ዳታ ለመቆጠብ ብለው ዳታ ያወጣሉ።

ዳታዎን የበላው ፍላትፓክ ይመስለኛል። ሶፍትዌር ማናጀር ላይ ብዙ ፕሮግራሞች በሁለት ዓይነት ይቀርባሉ። አንዱ «ሲስተም ፓኬጅ» ነው (ፓኬጅ ማለት ለመጫን የታሸገ ፕሮግራም ነው)። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ይጠቀምና የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ሌላው «ፍላትፓክ» ነው። እሱ የሚቆምበትን መሠረት ራሱ ይዞ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ፍላትፓክ ሲጫን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊወርድ ይችላል። መምረጫው እዚያው ኢንስቶል ከሚለው ቁልፍ አጠገብ ነው። ልጅቷ እሱን ማየት ትልመድ። ፍላትፓክ ጥቅም አለው፣ አዲስ ስሪት ቶሎ ያገኛሉ። በሆትስፖት ግን አይሆንም።

መምህር (መሐል ሜዳ)

እህቴ፣ እኔ ሲናፕቲክ በይ እላለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

መልኩ አያምርም። ሥዕል የለው፣ ኮከብ የለው፣ የስም ዝርዝር ብቻ ነው። ግን ምንም ነገር ሳይነካ በፊት ይነግርሻል። የምትፈልጊውን ፓኬጅ ምልክት ታደርጊበታለሽ። ሌላ ተጨማሪ የሚያስፈልገው ካለ ዘርዝሮ ይጠይቅሻል። «አፕላይ» ስትይው ደግሞ አንድ መስኮት ይመጣል፦ ስንት ፓኬጅ ይገባል፣ ስንት ይወጣል፣ ስንት ሜጋባይት ይወርዳል። ያኔ ስልክሽ ላይ ስንት ዳታ እንደቀረሽ አይተሽ መወሰን ነው። እኔ ተማሪዎቼን የማስተምረው ያንን መስኮት ማንበብ ነው። በተለይ «ይወገዳሉ» የሚለው መስመር ላይ የማታውቁት ስም ካያችሁ ሰርዙና ውጡ እላቸዋለሁ።

ሌላው ፍላሽ ነው። እኛ ጋ ኔትወርኩ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ አይኖርም። ሲናፕቲክ ፋይል በሚለው ሥር «ጄኔሬት ፓኬጅ ዳውንሎድ ስክሪፕት» የሚል አለው። የምፈልገውን ምልክት አደርግና ያንን ትንሽ ፋይል በፍላሽ አድርጌ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ላለው ወንድሜ እልካለሁ። እሱ ዋይፋይ ባለበት ሊኑክስ ላይ ያስኬደዋል፤ ፓኬጆቹ ይወርዱለታል። ፍላሹ በሁለተኛው ቀን ይመለሳል። «አድ ዳውንሎድድ ፓኬጅስ» ብዬ ፎልደሩን አሳየዋለሁ፣ አለቀ። በታርማበር ብርድ ተሻግሮ የመጣ ፕሮግራም እዚህ ሲከፈት ማየት ደስ ይላል።

የጠባሴዋ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሞከርኩት። አቢሲኒካ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ፈልጌ ምልክት አደረግሁበት። መስኮቱ እንዳሉት መጣ፤ የሚወርደው ትንሽዬ ነበር። እጄ ሳይንቀጠቀጥ «አፕላይ» አልኩ። የወረደውን ለሌሎቹ ሦስት ኮምፒውተሮች እንደገና ማውረድ አለብኝ? መብራት የሄደበትስ ምን ይደረግ?

መምህር

የለብሽም። ሲናፕቲክ የወረደውን ፓኬጅ፣ ቅንብሩን ካልቀየርሽው በቀር፣ አያጠፋውም። ቫር ውስጥ፣ ካሽ ውስጥ፣ አፕት ውስጥ አርካይቭስ የሚል ፎልደር አለ፤ እዚያ ተቀምጧል። አራቱም ላይ ያለው የሚንት ስሪት አንድ ከሆነ በፍላሽ ገልብጠሽ ትጭኛቸዋለሽ። ሌሎቹ ላይ ግን መጀመሪያ «ሪሎድ» በይ። ዝርዝሩን ለማደስ ጥቂት ዳታ ይወስዳል፣ እሱ አይቀርም።

መብራት የሄደበት ኮምፒውተር፣ ፓኬጁ ተፈትቶ ሳይስተካከል መሐል ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ሲናፕቲክን ስትከፍቺው የስሕተት መልእክት ያወጣል። የሚያስፈልገው ትእዛዝ እዚያው መልእክቱ ውስጥ ተጽፏል። ፊደሉንም ሰረዙንም እንዳለ ወረቀት ላይ ገልብጪ። ከዚያ ተርሚናል ከፍተሽ፣ ሱዶ (sudo፣ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ሥራ ማለት ነው) የሚለውን ከፊቱ ጨምረሽ ጻፊው። ይህቺን አንዴ ጥቁሩን መስኮት መድፈር አለብሽ። ሲጨርስ ወደ ሲናፕቲክ ተመለሺና ኤዲት ሥር «ፊክስ ብሮክን ፓኬጅስ» በይ።

የሮቢቱ

እኔም አንድ ልጨምር፣ እትዬ። አፕዴቱን በሥራ ሰዓት አያድርጉ። አፕዴት ማናጀር ምርጫዎች ውስጥ ገብተው አውቶማቲክ የሚለው መጥፋቱን ያረጋግጡ። የፍላትፓክን አፕዴት ለብቻው ስለሚያሳይ የሲስተሙንም የፍላትፓኩንም ይዩ። ፓስዎርዱን ለልጅቷ ከመስጠትዎ በፊት ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ አብረዋት ይጫኑ። ለመፈለግና ለማየት ሶፍትዌር ማናጀር ለእሷ ይቀላል፤ የመጫኑን ነገር በሲናፕቲክ ታድርገው።

የጠባሴዋ

ተነሣ! ትእዛዙን በደብተር ገልብጬ፣ ልጅቷ ፊደል በፊደል እያነበበችልኝ ጻፍኩት። ደብተሩን ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ጊምፕንም አጥፍተን በሲስተም ፓኬጁ ተካነው። ሦስተኛውና አራተኛው ኮምፒውተር እሑድ ሱቅ ስዘጋ ነው የሚሠሩት፤ ፓኬጆቹ ፍላሽ ላይ ተዘጋጅተዋል።