የሙዚቃ ቴሌቪዥንን ያዳከመው ዩቲዩብ ብቻ ነው?

ጥያቄ (ከአሮጌው ካሴት)፦
የአሜሪካው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤምቲቪ ስርጭቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1981 ነው። ስለ መዳከሙ ሲነሣ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ዩቲዩብ ላይ ነው፤ ሆኖም ዩቲዩብ የተመሠረተው በ2005 ሲሆን፣ እኔ ከዚያ ቀደም ብሎ ጣቢያውን በከፈትሁ ቁጥር ዘፈን ማግኘት ይቸግረኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ታዲያ ዘፈንን ከሙዚቃ ጣቢያ ያስወጣው ምንድን ነው?

መልስ (ሞገድ)፦
ትዝታዎ ትክክል ነው። ጣቢያው ሲጀመር ቪዲዮዎቹን አሠርተው ያለ ክፍያ ይሰጡት የነበሩት የሙዚቃ አሳታሚዎች ነበሩ። ለእነርሱ ቪዲዮው የአልበም ማስታወቂያ ነበር፤ ጣቢያው ደግሞ በማስታወቂያ መካከል ሌላ ማስታወቂያ እየሸጠ ይኖር ነበር ማለት ይቻላል። ዘፈኑ ሲጀምርና ሊያበቃ ሲል በስክሪኑ ግራ ታችኛ ጥግ የዘፋኙ፣ የዘፈኑ፣ የአልበሙና የአሳታሚው ስም ይወጣ የነበረውም ለዚሁ ነው። ችግሩ አንድ ዘፈን የሚቆየው ሦስት አራት ደቂቃ መሆኑ ነው፤ ያልወደደው ዘፈን የመጣበት ተመልካች ወዲያውኑ ጣቢያ ይቀይራል። በ1992 የተጀመረው «ሪል ወርልድ» የተባለው የጣቢያው ፕሮግራም ግን ሰባት ወጣቶችን በአንድ ቤት አስቀምጦ ሲቀርጽ፣ ጠባቸው የት እንደሚደርስ ለማወቅ የጓጓ ሰው ማስታወቂያውንም ታግሦ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል።

መልስ (ሁለተኛ ገጽ)፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ዩቲዩብን ጨርሶ ነፃ ማውጣት አይገባም። የጣቢያው ትልቁ ሀብት ሰው ምን እንደሚያይ የመወሰን ሥልጣን ነበር፤ ይህንንም ሥልጣን ሁልጊዜ በፍትሕ አልተጠቀመበትም። በ1983 እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ ሳለ፣ ጥቁር ሙዚቀኞች ለምን እምብዛም እንደማይታዩ አቅራቢውን ማርክ ጉድማንን በካሜራ ፊት ጠይቆታል። በዚያው ዓመት የማይክል ጃክሰን ቪዲዮዎች በተደጋጋሚ መታየት ጀመሩ፤ የራፕ ሙዚቃ ግን «ዮ! ኤምቲቪ ራፕስ» የተባለውን የራሱን ፕሮግራም ለማግኘት እስከ 1988 ጠብቋል። ዩቲዩብ የወሰደው ይህን የመምረጥ ሥልጣን ነው። ኤምቲቪ በ2010 ከዓርማው ሥር «ሚዩዚክ ቴሌቪዥን» የሚለውን ጽሑፍ ሲያነሣ፣ ያደረገው የሆነውን ማመን ብቻ ነበር።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በስክሪኑ ጥግ ስለሚወጣው የዘፋኝ ስም ጽሑፍ የተነሣው ነገር ዘፈን እቀዳባቸው የነበሩትን የቪኤችኤስ ቪዲዮ ካሴቶቼን አስታወሰኝ። የመቅጃውን ቁልፍ እስክጫን ድረስ ጽሑፉ ስለሚጠፋ፣ ዘፋኙን ለማወቅ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ነበረብኝ፤ አቅራቢው ቀድሞ ያቋረጣቸውን ሁለት ዘፈኖች የማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።