መጋዘናችን ውስጥ በአንድ ሌሊት 16384 ካርቶን ወረቀት በቀለ፣ ኮስሚክ ሬይ ነው የሚሉት እውነት ነው እንዴ?

ሲስተም_ያዥ
ሰላም ቤቶች፣ ነገሩ ትንሽ ያስቃል ግን እኔን እንቅልፍ ነስቶኛል። አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ አይቲ ነኝ፣ አይቲ ስላችሁ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም የምጠራው እኔው ነኝ። ሐሙስ ማታ የመጋዘን ሲስተሙ ላይ ኤ4 ወረቀት 37 ካርቶን ይላል፣ አርብ ጠዋት ሲከፈት 16421። ሎጉን አየሁት፣ ማንም አልገባም ማንም አልነካም። ኦዲተሩ ደግሞ ነገሩን በጤና አላየውም፣ ስቶር ኪፐራችንን ቀሪውን ካርቶን ያቅርቡ ብሎ ደብዳቤ ሊጽፍባቸው ነው፣ እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሴትዮ ናቸው፣ 16 ሺህ ካርቶን እኮ ያ መጋዘን እስከ ጣራው ቢደረደር አይችለውም። አንድ ጓደኛዬ ከጠፈር የመጣ ጨረር ሚሞሪውን መቶት ይሆናል ሲለኝ የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ፣ የምሬን ነው አለ። ሰርቨር የምንለው ያው ሌት ተቀን የማይጠፋ ተራ ዴስክቶፕ ነው። የምር እንዲህ ያለ ነገር አለ? ካለስ እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ይብስብናል? እሱን ካደረገ ሰውነታችንን ምን እያደረገው ነው?

ቡና_ያለስኳር
ወረቀት ከሰማይ መውረድ ከጀመረማ ለእኛም መስሪያ ቤት ጸልዩልን፣ ከጥቅምት ጀምሮ በጀርባው ነው የምናትመው ሃሃሃ

ዜሮና_አንድ
ቆይ ቀልዱን ተዉት። ከ16421 ላይ 37 ቀንስማ። 16384 ነው የሚመጣው፣ ይሄ ደግሞ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም ወንድሜ፣ ሁለትን 14 ጊዜ ስታባዛው የምታገኘው ነው። ሰው ተሳስቶ ቢሆን 73 ወይ 370 ይጽፍ ነበር፣ ኮምፒውተር ውስጥ ግን ቁጥሩ የሚቀመጠው በዜሮና በአንድ ስለሆነ አንዷ ቢት ብቻ ስትገለበጥ ልክ እንዲህ ነው የሚዘለው። ብራስልስ ውስጥ ስካርቤክ የምትባል ወረዳ በ2003 ምርጫ አንዲት እጩ ልታገኘው ከምትችለው በላይ ድምፅ አገኘች፣ ሲቆጠር ትርፉ 4096፣ ሁለትን 12 ጊዜ ማለት ነው። ሶፍትዌሩን ፈትሸው ጥፋት ስላጡበት ቢት ተገልብጧል ተባለ፣ ኮስሚክ ሬይ ነው የሚለው እስከዛሬ ይወራል እንጂ በዓይኑ ያየ የለም። በቃ ለኦዲተሩ ይሄን ቅነሳ ጽፈህ ስጠው፣ ሴትዮዋን ይተዋቸው።

መምህር_ዘፊዚክስ
ጓደኛህ አልቀለደም፣ ትንሽ ላስረዝምባችሁ ነው ይቅርታ። ጨረር ይባል እንጂ ኮስሚክ ሬይ አብዛኛው ፕሮቶን ነው፣ የፈነዱ ኮከቦች ቅሪት እያፈጠነ ይለቀዋል ነው የሚባለው፣ በመንገዱ ያለው ማግኔታዊ መስክ ስለሚያጣምመው ግን እዚህ ሲደርስ በየት በኩል እንደመጣ አይቶ ኮከቡን መጠቆም አይቻልም። ድሮ ይሄ ጨረር ከመሬት ነው የሚወጣ ይባል ነበር፣ እንደዛ ከሆነ ወደ ላይ ስትወጣ መቀነስ አለበት አይደል፣ ቪክቶር ሄስ የሚባል ኦስትሪያዊ በ1912 መሳሪያውን ይዞ በባሉን 5300 ሜትር ገደማ ወጥቶ ጭራሽ ጨምሮ አገኘው። በዚያው ዓመት የፀሐይ ግርዶሽ ጠብቆም በረረ፣ ፀሐይ ተሸፍና ጨረሩ አልቀነሰም፣ ስለዚህ ከፀሐይም አይደለም ማለት ነው። በ1936 ኖቤል ተሸለመበት።

እኛ ጋ የሚደርሰው ያ ፕሮቶን አየሩን ሲመታ የሚፈነጣጠረው ነው። ከዚያ ውስጥ ሙዮን የሚባለው ቅንጣት አሁን ይሄን ስታነቡ በመዳፋችሁ ውስጥ በሰከንድ አንድ ገደማ እያለፈ ነው። ዕድሜው በአማካይ 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ቢሮጥ 660 ሜትር ላይ ማለቅ ነበረበት፣ 15 ኪሎ ሜትር ከላይ ተወልዶ እኛ ጋ የሚደርሰው በፍጥነቱ ምክንያት ጊዜው ስለሚዘገይለት ነው፣ አንስታይን ያለው ማለት ነው (ክፍል ውስጥ ተማሪ ሁሉ ከስልኩ ቀና የሚለው እዚህ ጋ ስደርስ ብቻ ነው)። ሚሞሪን በብዛት የሚያስቸግረው ግን ከዚያው ፍንጣሪ ውስጥ ያለው ኒውትሮን ነው፣ ቻርጅ ስለሌለው ቆርቆሮ ጣራ ግድም አይሰጠው፣ ቺፑ ውስጥ ያለውን የሲሊኮን ኒውክለስ ሲመታ ስብርባሪው ቻርጅ ያፈሳል፣ ቢቷ ትገለበጣለች፣ ቺፑ ራሱ ግን ምንም አይሆንም። ለዛ ነው ሪስታርት ስታደርገው ደህና የሚሆነው።

ከፍታ ላልከው፣ ክሬይ 1 የሚባለው ሱፐር ኮምፒውተር የመጀመሪያው በ1976 ኒው ሜክሲኮ ሎስ አላሞስ ገብቶ በስድስት ወር 152 የሚሞሪ ስህተት አስመዘገበ። ሎስ አላሞስ 2200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ 2355። ኮሎራዶ ውስጥ ሌድቪል የምትባል 3100 ሜትር ላይ ያለች ከተማ አለች፣ አይቢኤም የሚባለው የኮምፒውተር ድርጅት ሚሞሪውን እዚያ ወስዶ ይፈትን ነበር፣ ኒውትሮኑ ከባህር ጠለል ከአስር እጥፍ በላይ ስለሆነ።

ግን ቶሎ አትደንግጡ፣ እኛ ሌላ ነገር አለልን። የምድር ማግኔት ወገብ ላይ ነን ማለት ይቻላል፣ እዚህ ደግሞ የማግኔቱ መስመር አግድም ስለሚተኛ ጉልበት የሌለውን ፕሮቶን ይመልሰዋል፣ ለማለፍ በግምት 15 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው) ይፈልጋል፣ ወደ ዋልታዎቹ ግን በጣም ያነሰው ሁሉ ሰተት ብሎ ይገባል። ክሌይ የሚባል ሆላንዳዊ በ1927 ከጃቫ ወደ ሀገሩ በመርከብ ሲሄድ ነው ወደ ምድር ወገብ ሲጠጉ ጨረሩ እንደሚቀንስ ያየው። አራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ በ1957-58 ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ማግኔት መለካት የጀመረውም ቦታችን ለማግኔት ወገቡ ቅርብ ስለሆነ ነው። ከፍታው ያመጣብንን ማግኔቱ በከፊል ያቃልልናል ልበላችሁ።

የመርካቶ_ጠጋኝ
መምህር አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ኮከቡን ተወት አርገነው ኬዙን እንክፈተው። እኔ 11 ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን ስንት ራም (ያው ሚሞሪው ማለት ነው) በእጄ አልፏል፣ አንድም ደንበኛ ከጠፈር ነው ብሎኝ አያውቅም፣ አቧራ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣ የላላ ራም፣ በቃ እነዚህ ናቸው። ጨረር ከሆነ አንዴ መትቶ ይሄዳል፣ እዚያው ቦታ አይመለስም። ራሙ ከሆነ ግን ይደግመዋል። እና ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ ጫንና ሌሊቱን ሙሉ ልቀቀው፣ የተሳሳተችው ቢት አንዷ ብቻ እየሆነች ከመጣች ነገሩ አለቀ። ከዛ ራሙን አውጥተህ ቢጫዋን እግሩን በላጲስ ፈትጋት፣ ቀስ ብለህ፣ ፍርፋሪውን በደንብ አራግፍ። ደግሞ ለሚቀጥለው የድርጅት ሂሳብ ተራ ራም ላይ አታስቀምጡ እባካችሁ፣ ኢሲሲ ራም የሚባለው አንድ ቢት ብትገለበጥ ራሱ አውቆ ያስተካክላል፣ ክሬይ ያላችሁት ማሽን ላይም በኋላ ያስገቡለት እሱን ነው።

ራጅ_አንሺዋ
የሰውነቱን ማንም አልመለሰለትም እኮ። ጀርመን ሆስፒታል ራጅ ክፍል ነው የምሰራው፣ ደረቴ ላይ ዶዚሜትር፣ የወሰድኩትን ጨረር የሚለካ መሳሪያ፣ ለጥፌ ነው የምውለው። በዓለም አማካይ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (ሰው የሚወስደው ጨረር የሚለካበት ነው) ይወስዳል፣ ከዚያ ውስጥ የኮስሚኩ 0.4 ገደማ ናት፣ የሚበዛው ከመሬት የሚወጣው ራዶን ጋዝ ነው። ራስህ ሰውነት ውስጥ ያለው ፖታሲየም ብቻ በሰከንድ ከ4000 ጊዜ በላይ ጨረር ይለቃል፣ ከሰማዩ በፊት እሱን ፍራ። እኛ ኢሲሲው በተፈጥሮ ተገጥሞልናል፣ ሴላችን የተሰበረ ዲኤንኤ እየጠገነ ነው የሚውለው። በጣም የሚታሰብላቸው አየር ላይ የሚኖሩት ናቸው፣ እዚህ አውሮፓ ሆስተስና ፓይለት እንደኔ መጠናቸው ይያዝላቸዋል። ጠፈርተኞቹማ አይናቸውን ጨፍነው ብልጭታ ያያሉ፣ ባዝ አልድሪን በ1969 ከጨረቃ ሲመለስ ተናግሮታል፣ ቅንጣቱ አይናቸው ውስጥ ሲያልፍ ነው።

ደጋ ላይ ሰውነትን የሚፈትነው ኦክስጅን ማነሱ ነው። እሱንም ቢሆን በ2002 ሰሜን ተራሮች አምባራስ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ተለክተው ሄሞግሎቢናቸው (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ቆላ እንደሚኖር ሰው፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን በአማካይ 95 በመቶ ሆኖ ተገኘ። አንዲስ ተራራ ያሉት ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፣ ቲቤቶቹ ኦክስጅናቸው ይወርዳል፣ የእኛዎቹ ሁለቱንም አላሳዩም፣ ተመራማሪዎቹን ግራ ያጋባ ነገር ነው።

ሲስተም_ያዥ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሜምቴስቱን ትናንት ማታ ለቅቄ አደርኩ፣ ጠዋት ስገባ ስክሪኑ ቀይ በቀይ፣ እና ሁሌ ያቺው አንዷ ቢት ናት። በላጲስ ፈተግኩት፣ ሜምቴስቱን መልሼ ከለቀቅኩት አሁን ሰባት ሰዓት ሙሉ ሆኖታል አንድም ኤረር የለም። ጠጋኙ ምሳ አለብኝ። መምህር አይክፋዎት፣ እኔም ጨረሩ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

መምህር_ዘፊዚክስ
አልከፋኝም፣ የላጲሱም ፍትጊያ ያው ፊዚክስ ነው። ኢሲሲውን ግን ግዛ።

ቡና_ያለስኳር
ኦዲተሩስ?

ሲስተም_ያዥ
መጋዘን ገብቶ በእጁ ቆጠረ፣ 37። ደብዳቤው ቀረ። ስቶር ኪፐራችን ግን አሁንም ጥፋቱ ራም ላይ ነው ስላልኳቸው ራም የሚባለው ሰራተኛ ለምን እንዳልተቀጣ ይጠይቁኛል።