ኤሌክትሪክ ጊታር ቤት ውስጥ ስቀዳ ድምፁ ይደበዝዛል፣ ይዘገያል፣ እዝዝ ይላል

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ተከራይቼ በምኖርባት አንዲት ክፍል ውስጥ በትዝታ ቅኝት የምጫወታቸውን ዜማዎች ለመቅዳት፣ ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚወስድ ትንሽ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (የጊታሩን ድምፅ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባ ሣጥን) ገዝቻለሁ፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ አምፕሊፋየር መክፈት አልችልም። የሚቀዳው ድምፅ ግን ደብዛዛ ነው፤ ክሩን ከመታሁ በኋላ በጆሮ ማዳመጫው ዘግይቶ ይደርሰኛል፤ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ኢፌክት) ስጨምር ደግሞ እንደ ንብ መንጋ እዝዝ ይላል። የጊታሩ ሦስቱም ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት) ሲንግል ኮይል፣ ማለትም ባለ አንድ ጥቅልል ሽቦ ናቸው፤ ላፕቶፑ በዊንዶውስ ይሠራል። ከየት ልጀምር?

መልስ፣ ከሐዋሳ

በመጀመሪያ በኢንተርፌሱ ላይ «ኢንስት» ወይም «ሃይ-ዚ» የሚለው የጊታር መግቢያ ቁልፍ መብራቱን ይመልከቱ። የጊታር ፒክአፕ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 1 ሜጋኦም ገደማ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል፤ የላይን መግቢያ (ለኪቦርድና ለመሳሰሉት የሚሆነው) ግን ብዙውን ጊዜ 10 ኪሎኦም አካባቢ በመሆኑ ፒክአፑን ይጫነውና የድምፁን ጥራት ይበላዋል። ጌይኑን (የሚገባውን ድምፅ መጠን) ሲያስተካክሉ ክሮቹን በሙሉ ኃይል ይምቱና ከፍተኛው ልክ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም ያድርጉ፤ በ24 ቢት እስከቀዱ ድረስ ዝቅ ማለቱ አይጎዳዎትም፣ ዜሮን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን በኋላ አይጠገንም። የአምፕ ፕለጊን (አምፕሊፋየርን የሚያስመስል ፕሮግራም) ሲከፍቱም የስፒከር ካቢኔቱን ክፍል አይርሱ፤ ያለ እሱ ዲስቶርሽን ጆሮ ይቧጥጣል።

መልስ፣ ከዋሽንግተን

መዘግየቱ ከበፈሩ፣ ማለትም ላፕቶፑ ድምፁን ከማስተናገዱ በፊት ከሚያጠራቅምበት ቦታ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ ሲቀዱ የ1024 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) በፈር 21 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል፣ 128 ግን ከ3 ሚሊሰከንድ በታች ነው፤ ይህም ሲገባና ሲወጣ እየተደመረ ይሄዳል። የኢንተርፌሱ አምራች ያዘጋጀውን አሲዮ (ASIO) ድራይቨር፣ ማለትም በዊንዶውስ ላይ ድምፁን በፍጥነት የሚያስተላልፈውን ፕሮግራም፣ ይጫኑ፤ በሚቀዱበት ጊዜ በፈሩን ዝቅ፣ የተቀዳውን ሲያቀናብሩ (በሚክስ ጊዜ) ከፍ ያድርጉ። በፕለጊን እየሰሙ ከሆነ በኢንተርፌሱ ላይ ያለውን የቀጥታ ማዳመጫ ቁልፍ (ድምፁን በላፕቶፑ ሳያልፍ የሚያሰማውን) ያጥፉት፤ አለበለዚያ አንዱን ምት ሁለት ጊዜ ይሰሙታል። በትዝታ ክሩን ሳብ አድርጎ ድምፁን ማወዛወዝ ስላለ፣ ትንሽ መዘግየት እንኳ እጅን ያሳስታል።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ

እዝዝታው ምንጩ ሁለት ሊሆን ስለሚችል ለይተው ይሞክሩ። ጊታሩን እንደያዙ ወንበርዎ ላይ ቀስ ብለው ይዙሩ፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ካለ፣ የ50 ኸርዙን የመብራት ኃይል ንዝረት የሚለቅመው ፒክአፑ ነው። ቻርጀሩን ሲነቅሉ የሚጠፋ ከሆነ ግን የሚገባው በቻርጀሩ በኩል ነው፤ በባትሪ ይቅዱ። እባክዎ የሶኬቱን የመሬት እግር ቆርጠው ለማስወገድ አይሞክሩ፤ እጅዎ በብረት ክር ላይ ነውና ለሕይወት ያሰጋል። መካከለኛው ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠቀለለ ከሆነ፣ የፒክአፕ መምረጫውን በሁለተኛው ወይም በአራተኛው ቦታ ሲያደርጉት ንዝረቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቁልፉ ጠፍቶ ነበር፤ አብርቼው ቀጭኗ ክር አሁን ጥርት ብላ ትሰማለች። ቻርጀሩን ስነቅል እዝዝታው በግማሽ ቀነሰ፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አራተኛውን ቦታ ስመርጥ የቀረው አይሰማም ማለት ይቻላል። ሆኖም በባትሪ ስቀዳ በፈሩ 128 ላይ ሆኖ ድምፁ ቸክ ቸክ ይላል።

መልስ፣ ከዋሽንግተን

ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ፍጥነቱን ቀንሶ ይሆናል። የኃይል አጠቃቀሙን ወደ ከፍተኛው ይቀይሩ፤ ካልበቃ በፈሩን 256 ያድርጉት።