የማልለብሳቸውን ልብሶች እንዴት ልሽጣቸው?

እህት ወንድሞች፣ እስቲ መላ በሉኝ። ቁም ሳጥኔ በማልለብሳቸው ልብሶች ተጨናንቋል። ግማሹን አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ያመጣችልኝ ነው፤ ግማሹ ከወለድኩ በኋላ አልገባ ያለኝ። የቤት ኪራይ ሲጨምርብኝ ወደ ብር ልለውጣቸው ብዬ ተነሳሁ።

በሰፈራችን የሚዞረውን ልዋጭ ጠራሁት። ደህናውን የሱፍ ካፖርት ገልብጦ ገበሩን አየ፣ ብብቱን ሳብ ሳብ አደረገና "በዚህ አንድ ሳፋ ውሰጂ" አለኝ። ሳፋ ምን ያደርግልኛል? መርካቶ ልውሰደው ብል ደግሞ ዋጋ መከራከር አልችልበትም።

ቴሌግራም ላይ ፎቶ ለጠፍኩ። "መጨረሻው ስንት ነው?" ብሎ የሚጠፋ ብቻ ነው የመጣው።

የሰልባጅ ሥራ የምታውቁ፣ ዋጋውን በምን ልተምን? ከአዲሱ ስንት እጅ ልቀንስ? አንድ በአንድ ልሽጥ ወይስ ለነጋዴ በጅምላ ልስጥ? ካፖርቱን ላውንደሪ ባስገባው ወጪውን ይመልሳል? ፎቶውስ ተሰቅሎ ይሻላል ወይስ ሰው ለብሶት?

"ለተቸገረ ስጪው" ለምትሉኝ፣ የሚሰጠውን ለይቼ አስቀምጫለሁ። ይኼኛው የኪራይ ነው።