የድሮ ሚኒኮምፒውተር ለጀማሪ፦ ሲሙሌተር፣ ኪት ወይስ እውነተኛው ማሽን?

ጥያቄ፦ ፒዲፒ-8 ወይም ፒዲፒ-11 (የዲኢሲ ኩባንያ የድሮ ሚኒኮምፒውተሮች) መሞከር አስቤያለሁ። ብየዳና መልቲሜትር አያስቸግሩኝም፣ በአሴምብሊ (የፕሮሰሰሩ ትእዛዞች በቀጥታ የሚጻፉበት ቋንቋ) ግን ገና ነኝ። ከየቱ ልነሳ? ለምንስ ይጠቅማል? ጥቆማችሁን።

መልስ 1፦ ከሲሙሌተር (የድሮውን ማሽን በራስህ ኮምፒውተር ላይ ከሚያስመስል ፕሮግራም) ተነሳ ወንድሜ። ሲምኤች የሚባለው ነፃ ነው፤ ሁለቱንም ማሽኖች፣ በተጨማሪም ኖቫና ቫክስ የተባሉ ሌሎች የድሮ ማሽኖችን ያስመስላል። ፒዲፒ-8 (1965) ባለ 12 ቢት ነው፤ መሠረታዊ ትእዛዞቹ ስምንት ብቻ ስለሆኑ በአንድ ቀን ይጠናል። ነገር ግን የመቀነሻ ትእዛዝም ስታክም (እሴቶች ለጊዜው የሚደራረቡበት የሜሞሪ ቦታ) የለውም፤ ረዘም ያለ ፕሮግራም ላይ ያደክማል። ፒዲፒ-11 (1970) ባለ 16 ቢትና ስምንት ሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ማስቀመጫ) ነው፤ ለመማር እሱ ይሻላል። ዋናው ጥቅሙም ይኸው ትምህርት ነው። በፒዲፒ-11 የሚሮጠው የዩኒክስ ስርዓተ ክወና ስድስተኛ እትም ከርነል (እምብርቱ) 10 ሺህ መስመር እንኳ አይሞላም፤ ከዳር እስከ ዳር አንብበህ፣ ቀይረህ፣ መልሰህ ታስነሳዋለህ። ከዚህ ሌላ ባለ 8 ኢንች ፍሎፒ ላይ የቀረ ዳታ ለማውጣትና አሮጌ የላቦራቶሪ መሣሪያ ለማንቀሳቀስ ይጠቅማል። ሰርቨር ላድርገው ካልክ ግን ኤሌክትሪክ ማባከን ነው።

መልስ 2፦ ማብሪያና መብራት ካማረህ ፒአይዲፒ-11 የሚባል ራስህ የምትገጣጥመው ኪት አለ። የፒዲፒ-11/70ን የፊት ሰሌዳ በ6፡10 መጠን የሠራ ነው፤ ከኋላው ራስፕቤሪ ፓይ በተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ያው ሲምኤች ይሮጣል። የሚያበላሸው ችኮላ ነው፦ ኤልኢዲም ዳዮድም አቅጣጫ አላቸው፤ ከመበየድህ በፊት ሁለቴ እይ።

መልስ 3፦ እውነተኛውን ከፈለግክ ቁም ሣጥን የሚያክለው የዩኒባስ ማሽን ይቅርብህ፤ የኪውባስ ፒዲፒ-11/23 ወይም 11/73 ፈልግ (ዩኒባስና ኪውባስ ካርዶቹን የሚያገናኙ የመስመር ዓይነቶች ናቸው)። አርቲ-11 የተባለው ስርዓተ ክወና በሁለቱም ይሄዳል። 2.11ቢኤስዲ (የዩኒክስ ዓይነት) ግን የትእዛዝና የዳታ ቦታን ለይቶ የሚይዝ ፕሮሰሰር ስለሚሻ በ11/23 አይነሳም።

እንደደረሰህ ሶኬት ላይ አትሰካው! የ115/230 ቮልት መምረጫውን እይ፤ የመግቢያ ፊልተሩ የወረቀት ካፓሲተር ከተሰነጠቀ ቀድመህ ቀይረው፣ አለዚያ ቤቱን በጭስ ይሞላዋል። ካርዶቹን ሁሉ አውጥተህ 5 ቮልቱ ላይ 1 ኦም፣ 50 ዋት ሬዚስተር ጫን፤ ያለ ጭነት የሚለካው ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። ከ4.75 እስከ 5.25 ውስጥ ከሆነ ካርዶቹን መልስ፦ ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ፣ ሲሪያል (ማሽኑ ከተርሚናል ጋር የሚነጋገርበት ወደብ)። በመካከል ባዶ ቦታ አትተው። የኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን የማቋረጥ) እና የዲኤምኤ (ሜሞሪን በቀጥታ የመጠቀም) ፈቃድ ከካርድ ወደ ካርድ እየተቀባበለ ነው የሚያልፈው፤ ክፍተት ካለ ከኋላ ያሉት ካርዶች ፈቃዱ አይደርሳቸውም። ሜሞሪው ግን ይህን ፈቃድ ስለማይሻ ደህና ሆኖ ሲታይ ሰው ጥፋቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። አንዳንዱ ባክፕሌን (ካርዶቹ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ደግሞ ቅደም ተከተሉ ዚግዛግ ነው።

ሲሪያሉን ፍጥነቱን 9600፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ (የስህተት መፈተሻ ቢት) አድርግ። ባለ 5 ቮልት ዩኤስቢ አስማሚ አትሰካበት፤ የማሽኑ ሲሪያል የሚከተለው አርኤስ-232 መስፈርት እስከ ±12 ቮልት ስለሚሄድ ያቃጥለዋል። @ (ማሽኑ ትእዛዝ ሲጠብቅ የሚያወጣው ምልክት) ከመጣልህ 1000/ ጻፍ፣ በቦታው 777 አስገባ፣ ከዚያ 1000G። ይህ ወደ ራሱ የሚዘል አንድ ትእዛዝ ነው፤ የሩጫ መብራቱ በርቶ ይቀራል። በሃልት ማብሪያው ስታቆመው 001000 ካተመ ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው ይነጋገራሉ ማለት ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ዲስኩስ? አርኤል02 የሚባል ዲስክ አብሮ የሚሸጥ አለ።

መልስ 3፦ ለጊዜው ተወው። 10 ሜጋባይት ለሚይዝ ዲስክ ክብደቱ ከማሽኑ አይተናነስም። የተጓጓዘበት የሄድ (የማንበቢያና መጻፊያ ራስ) መቆለፊያ ሳይፈታ ከተነሳ፣ ወይም ፊልተሩ አርጅቶ አቧራ ካስገባ፣ ሄዱ ሳህኑን ይፍቀዋል። ሁለተኛ የሲሪያል ወደብ በ176500 አድራሻ አዘጋጅና ላፕቶፕህን ቲዩ58 (የዲኢሲ ትንሽ የቴፕ ማጫወቻ) አስመስለህ አገናኘው፤ አርቲ-11 ከዚያ ይነሳል። ዝግ ይላል እንጂ የሚፈቀፈቅ ነገር የለውም።

መልስ 4፦ እውነተኛውን ቲዩ58 ግን ሳታይ አትግዛ፤ የጎማ ሮለሩ ከእርጅና ቀልጦ ቴፑ ላይ ይጣበቃል።