አንድ የወይን ዘር፣ ሁለት አገር፦ ከ15 ዶላር በማይበልጥ ቀይ ወይን የእርሻው ቦታ ይታወቃል?

ጥያቄ፦ የእሑድ ማታዋ (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። በሜሪላንድ የምንኖር አምስት ጓደኛሞች በወር አንድ እሑድ ማታ በየተራ በአንዳችን ቤት እየተሰበሰብን ቀይ ወይን እንቀምሳለን። ደንባችን አንድ ብቻ ነው፤ የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ ከ15 ዶላር መብለጥ የለበትም። ስለ ወይን የተማረ ሰው በመካከላችን የለም፤ ባለቤቴም ነገሩን «የሴቶቹ ጽዋ ማኅበር» እያለ ይቀልድበታል።

ባለፈው ወር ተረኛዋ እኔ ስለነበርኩ ማልቤክ ከሚባለው የወይን ዘር የተጠመቁ ሁለት ጠርሙሶች ገዛሁ፤ አንዱ ከአርጀንቲና ሜንዶሳ በ12 ዶላር፣ ሌላው ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ካኦር በ14 ዶላር። ሁለቱም የ2020 ምርት ናቸው። በወረቀት ከረጢት ሸፍኜ፣ ላዩ ላይ «ሀ» እና «ለ» ብዬ ጽፌ አቀረብኳቸው። የሜንዶሳው ከንፈር የሚያቀልም፣ የፕሪም ማርማላታ የሚሸት፣ ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ነበር። የካኦሩ ግን ምድጃ ላይ ተረስቶ እንደቆየ ሻይ ድድ ጨምድዶ የሚይዝ፣ ኮምጠጥ ያለና ሽታውም ቶሎ የማይገለጥ ሆኖ አገኘነው። አንዷ ጓደኛችን «ይኼኛው ተበላሽቷል» ብላ ብርጭቆዋን ገፋች፤ ጥብሱ ሲቀርብ ደግሞ ሌላዋ ከዚያው ከተገፋው ደግማ ቀዳች። ከረጢቱን ሳወልቅ የሁለቱ ዘር አንድ መሆኑን ለማሳመን ጠርሙሱን ማዞር ነበረብኝ።

ልዩነቱን ያመጣው በእርግጥ የእርሻው ቦታ ነው ወይስ የጠማቂው እጅ? በዚህ ዋጋ ለሚገዛ ሰውስ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ነገር የትኛው ቃል ይጠቅመዋል? ለሚቀጥለው እሑድ የምትመክሩኝ ጥንድ ካለም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ቡሽ ነቃይ (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ጓደኛዎ ተበላሽቷል ብለው የገፉት ብርጭቆ የመጣው ከማልቤክ የትውልድ ቀዬ ነው። ዘሩ በካኦር «ኮ» እየተባለ ለረጅም ዘመን ሲተከል ኖሮ፣ በ1853 እ.ኤ.አ. ሚሼል ኤሜ ፑዤ የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ ባለሙያ ወደ አርጀንቲና አሻገረው። በወይን መደብር ውስጥ በሠራሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት ደንበኞች አርጀንቲናን የዘሩ አገር፣ ፈረንሳዩን ደግሞ ኮራጅ አድርገው ሲያስቡ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ካኦር በሎት ወንዝ ዳርቻና ከወንዙ በላይ ባለው የኖራ ድንጋይ አምባ ላይ የተዘረጋ አካባቢ ሲሆን፣ ከአትላንቲክ የሚነሣው ዝናብ ይደርሰዋል። ብርዱም ቀላል አይደለም፤ በ1956 የጣለው ውርጭ የአካባቢውን አብዛኛውን የወይን ተክል ገድሎት ነበር። በአንዳንድ ዓመት ዘለላው ጠንቅቆ ሳይበስል የመስከረም ዝናብና ቅዝቃዜ ይቀድመዋል፤ ያን ጊዜ በልጣጩና በፍሬው ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ዘሮች ያለው ታኒን፣ ማለትም ያ ድድ ጨምድዶ የያዘዎት ነገር፣ ሳይለሰልስ ይቀራል፤ ኮምጣጣነቱም ጎልቶ ይወጣል። በዚህ ላይ የካኦር ደንብ ወይኑ ቢያንስ 70 በመቶ ማልቤክ እንዲሆን ያዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ ይሁን አይልም፤ ቀሪው መርሎ ወይም ታና ሊሆን ይችላል። ታና ደግሞ እጅግ ድድ ከሚይዙት ዘሮች አንዱ ስለሆነ፣ የእርስዎ ጠርሙስ ጀርባ ላይ ምን እንደ ተጻፈ ቢመለከቱ መልካም ነው።

ሜንዶሳ ሌላ ዓለም ነው። በዓመት የሚዘንብበት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ከአንዲስ ተራሮች የሚቀልጠው በረዶ በቦይ ባይደርሰው ኖሮ በረሃ ሆኖ ይቀር ነበር። እዚያ ያለ ገበሬ ሰማይ ሰማይ እያየ ዝናብ አይጠብቅም፤ ተክሉ የሚጠጣውን ውሃ ራሱ ይለካል፤ ፀሐይም ስለማትጠፋበት ዘለላው እስኪበስል ድረስ መታገሥ ይችላል። ታኒኑ የለሰለሰልዎ፣ ፕሪም ፕሪም የሸተተዎትም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ሙቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ወይኑ ሕይወት የሌለው ጣፋጭ ነገር ይሆን ነበር። ያዳነው ከፍታው ነው። በየ100 ሜትሩ ወደ ላይ ሲወጡ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል፤ በሌሊት ደግሞ ብርዱ ጠንከር ስለሚል፣ ተክሉ በሙቅ ሌሊት ሊያቃጥለው የሚችለው አሲድ በፍሬው ውስጥ ይቀመጣል። በከፍታ ላይ የሚበረታው ፀሐይም ልጣጩን ያወፍረዋል፤ ከንፈር የሚያቀልመው ቀለም ያለው በዚያ ልጣጭ ውስጥ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ የቦታው ስም እየጠበበ በሄደ ቁጥር ለገንዘብዎ የሚያገኙት መረጃ ይጨምራል። «ሜንዶሳ» ብቻ የሚል ጠርሙስ በስተ ምሥራቅ ካለው፣ ከ600 እስከ 700 ሜትር ከፍታ ካለው ሞቃት ሜዳ የመጣ ሊሆን ይችላል። «ሉሃን ደ ኩዮ» የሚል ከሆነ ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ፣ «የኡኮ ሸለቆ» የሚል ከሆነ ደግሞ ከ900 እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ወጥተዋል ማለት ነው። የዋጋው ልዩነት ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዶላር ነው፤ እኔ ብሆን ከፍዬ እገዛዋለሁ። በአሜሪካም «ካሊፎርኒያ» የሚለው ቃል ከግዛቲቱ ከየትኛውም ጥግ የመጣ ወይንን ያቅፋል፤ በሕግ የታወቀ አነስተኛ የወይን አካባቢ ስም ከተጻፈ ግን ከወይኑ ቢያንስ 85 በመቶው ከዚያው መምጣት አለበት። በነገራችን ላይ የዘሩ ስም በአሜሪካ ጠርሙስ ላይ እንዲጻፍ የሚጠየቀው 75 በመቶ ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው እሑድ አገር ሳይቀይሩ ከፍታ ብቻ ይቀይሩ፦ ተራ የሜንዶሳ ማልቤክ ከኡኮ ሸለቆ ማልቤክ ጋር። ሌላ ጥንድ ካሻዎት፣ በሰሜን ምሥራቅ ስፔን በካላታዩድ ኮረብታዎች ላይ ካረጁ ግንዶች የሚለቀመውን ጋርናቻ፣ ይኸው ዘር ግሬናሽ ተብሎ ከሌሎች ዘሮች ጋር ከሚቀላቀልበት ከፈረንሳዩ ኮት ዱ ሮን ጋር ያስተያዩ። ሁለቱም በእርስዎ ዋጋ ይገኛሉ።

መልስ፦ ተጠራጣሪው (ሽቱትጋርት)

ቡሽ ነቃይ የጻፉት ስለ እርሻው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከእርሻው እስከ ጠርሙሱ ያለውን መንገድ ዘለሉት። እኔ በዚህ በምኖርበት አካባቢ ለሁለት የለቀማ ወቅት በአንድ አነስተኛ መጥመቂያ ቤት የጉልበት ሥራ ሠርቻለሁ፤ በዚያ ያየሁት በርካሽ ወይን ላይ «የቦታ ጣዕም» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ እንድሰማ አድርጎኛል። የተፈጨው ቀይ ወይን ከመብላላቱ በፊት በማሞቂያ ሲያልፍና ቀለሙ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከልጣጩ ሲወጣ አይቻለሁ። የኦክ እንጨት ስንጥር በትልቅ ከረጢት ታስሮ፣ ልክ እንደ ሻይ ከረጢት፣ በብረት ጋን ውስጥ ሲንጠለጠልም አይቻለሁ፤ ይህ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተፈቀደ ነው። ገዢው «ቫኒላ ቫኒላ ይላል፣ ድንቅ አፈር ነው» ሲል ያ ከረጢት ትዝ ይለኛል። የእሑድ ማታዋ የቀመሱት «ጣፈጥ ያለ» ነገርም ቢሆን፣ ሆን ተብሎ የተተወ ጥቂት ግራም ስኳር አለመሆኑን በምላስ ብቻ ማረጋገጥ ይቸግራል።

ስለ አፈር የሚነገረውንም ብዙውን ቀንሼ ነው የምሰማው። ሥሩ የድንጋይ ጣዕም መጥጦ ወደ ዘለላው አይልክም። አፈሩ የሚሠራው ሥራ ውሃን መያዝና መልቀቅ፣ ሙቀትንም ማቆየት ነው፤ በደቡብ ፈረንሳይ በሻቶኔፍ ዱ ፓፕ መሬቱን የሸፈኑት ድቡልቡል ድንጋዮች ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ለተክሉ ይመልሱለታል እንጂ ድንጋዩን ማንም አይቀምሰውም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን አንድ ማስረጃ ያሸንፈኛል፤ እሱም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የቅርብ ነው። ከአንዳንድ የአውስትራሊያ ቀይ ወይኖች የሚሸተው የባሕር ዛፍ ሽታ ቅዠት አይደለም። ተመራማሪዎች ሲለኩት፣ ለባሕር ዛፍ ከቀረቡት የወይን ረድፎች በተለቀመው ላይ በርትቶ፣ ከዛፎቹ እየራቁ ሲሄዱ እየቀነሰ አግኝተውታል፤ በዘለላው መካከል ተደባልቆ የሚገባ ቅጠል ደግሞ ያበረታዋል። እንጦጦን ያየ ሰው ይህን ሽታ ከየትኛውም ብርጭቆ ለይቶ ያወጣዋል። ሲራ በሚባለው ዘር ላይ የሚሸተው ቁንዶ በርበሬም እንደዚሁ ነው፤ በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ሮታንዶን የተባለው ንጥረ ነገር ራሱ በወይኑ ልጣጭ ውስጥ ይገኛል፤ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ የበቀለውም ከሞቃቱ ይልቅ ይበዛበታል። እንግዲህ እኔ የምለው፣ ቦታው በርካሽ ወይን ላይም አለ፤ ጠማቂው ካልሸፈነው። ስለዚህ ለሙከራዎ በኦክ ያልቆየ ወይን ይምረጡ።

መልስ፦ ማቀዝቀዣው

አጭር ነገር ልጨምር። ሁለቱን ጠርሙሶች ከመክፈትዎ በፊት ለ20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጧቸው። በማሞቂያ በሞቀ ቤት ውስጥ የዋለ ቀይ ወይን አልኮሉ አፍንጫ ላይ ስለሚወጣ ከሜዳም ከተራራም የመጣው አንድ ዓይነት ይሆንብዎታል፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ነው የሚለየው።

መልስ፦ ከባቱ መልስ (አዲስ አበባ)

ስለ ከፍታ ስትነጋገሩ «ወይና ደጋ» የሚለውን ቃላችንን ማንም አለማንሣቱ ገረመኝ። አባቶቻችን ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለውን አገር ወይን ይበቅልበት ዘንድ የሚመች ብለው በወይን ስም ጠርተውታል፤ የኡኮ ሸለቆ ጫፍ የሚደርሰው የእኛ ወይና ደጋ ከሚጀምርበት ነው ማለት ነው። ነገር ግን ከፍታን ከከፍታ ጋር ብቻ ማስተያየት ያሳስታል። ሜንዶሳ ከምድር ወገብ 33 ዲግሪ ርቆ ይገኛል፤ ስለዚህ እውነተኛ ብርድ ስለሚመጣበት ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ባቱ፣ የቀድሞዋ ዝዋይ፣ በ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ብትሆንም ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ ተክሉ በራሱ ጊዜ የሚተኛበት ብርድ የለም። በእንዲህ ያለ ቦታ ተክሉን የሚያስተኛውና የሚቀሰቅሰው ሰው ነው፤ ግረዛውና የውሃው መጠን የወቅቶችን ሥራ ይተካሉ።

የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል በባቱ የተከላቸው ሲራ፣ መርሎና ካበርኔ ሶቪኞ ከፈረንሳይ የመጡ ዘሮች ናቸው፤ «ሪፍት ቫሊ» የሚለው ስም የወጣባቸው የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ለገበያ የቀረቡት በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። አሸዋማው አፈር ውሃ አያቁርም፤ እርሻውንም ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡበት ሰፊ ቦይ ከብቦታል፤ የቦርዶ ገበሬ የማያውቀው ጣጣ መሆኑ ነው። የሪፍት ቫሊውን ሲራ ስቀምሰው ለኔ የሚታየኝ የበሰለ ፍሬና ሙቀት ነው፤ ተጠራጣሪው የጠቀሱት ቁንዶ በርበሬ ግን ስስ ነው፤ ይህም እሳቸው ካሉት ጋር ይሄዳል።

ስለ ጠርሙስ ጽሑፍ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፤ የቦታ ስም ሁሉ የእርሻ አድራሻ አይደለም። ሁላችን ያደግንበት «ጉደር» ከአምቦ ወዲያ ያለችውን ከተማ ስም ቢይዝም፣ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የወይን እርሻ ያለው በአርሲ መርቲ በኩል ነው።

የጠያቂዋ መልስ፦ የእሑድ ማታዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የካኦሩን ጠርሙስ ጀርባ አየሁት፤ 85 በመቶ ማልቤክ፣ 15 በመቶ መርሎ ይላል፤ ታና የለበትም። ስለዚህ ድድ የያዘን ራሱ ማልቤኩ ነበር።

ትናንት ማታ የ11 ዶላር የሜንዶሳ ማልቤክ ከ15 ዶላር የኡኮ ሸለቆ ማልቤክ ጋር፣ ሁለቱም ከማቀዝቀዣ ወጥተው፣ ሁለቱም ኦክ ያልነካቸው መሆናቸው ጀርባቸው ላይ ተጽፎ፣ በከረጢት ተሸፍነው ቀረቡ። ከአምስታችን ሦስታችን የትኛው ከከፍታው እንደ መጣ ለየን፤ የለየነውም በሽታው ሳይሆን ከዋጥነው በኋላ ምራቅ በማስሞላቱ ነው፤ ያ አሲድ መሆኑን አሁን አወቅሁ። ሁለቱ የተሳሳቱት ርካሹን መረጡ፤ እውነቱን ለመናገር እሱም ከቀይ ወጡ ጋር መልካም ነበር። ባለፈው ወር ካኦሩን የገፋችው ጓደኛችን ከለዩት አንዷ ነበረች።

የአጎቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ አንድ የሪፍት ቫሊ ሲራ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ። ከረጢቱ «ሀ» ውስጥ እሱ ይገባል፤ «ለ» ውስጥ የአውስትራሊያ ሺራዝ (ያው ሲራ ነው፣ በሌላ ስሙ) አስቤያለሁ፤ ባሕር ዛፍ የሚሸተው ከተገኘ።